ድህነትን ከነስጋቱ መለካት፦ የአንድ ሠንጠረዥ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6

የአክስቴ ልጅ ደቡብ ወሎ ውስጥ ዲኤ፣ ማለትም የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው። ትናንት ማታ ደወለልኝ። ቀበሌያቸው የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ዝርዝር እየከለሰ ነው። አንዳንዱ ቤት ማንም ሳይከራከር ይገባል። አንዳንዱም ማንም ሳይከራከር ይወጣል። ጭቅጭቁ ያለው መሀል ላይ ነው። «ዘንድሮ ጎተራው ደህና ነው። በልጉ ከቀረ ግን ይኼ ሰውዬ በእጁ ምንም የለውም። ይኼን የት ላይ ነው የምጽፈው?» አለኝ።

የምትጽፍበት ቦታ የለም አልኩት። ከዘጋሁት በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

ኦፊሴላዊው መለኪያ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት ምግብ ስንት ያወጣል ተብሎ ይሰላል። ከምግብ ውጪ ያለው የግድ ወጪ ይጨመርበታል። ድምሩ የድህነት ወለል ይባላል። በ1988 ዓ.ም. ወለሉ በዓመት 1,075 ብር ነበር። በ2003 ዓ.ም. 3,781፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 7,184 ብር ደረሰ። ከ7,184ቱ ውስጥ 3,772ቱ የምግብ ነው። በዚህ ስሌት በ1988 ከሕዝቡ 45.5 ከመቶው ደሃ ነበር፤ በ2008 ደግሞ 23.5 ከመቶው።

ለውጡ ትልቅ ነው፤ ላጣጥለው አይደለም። ግን ቁጥሩ የሚናገረው ጥናቱ በተሰበሰበበት ዓመት ሰው ምን እንደበላና ምን እንዳወጣ ነው። ያው ፎቶ ነው። 2008 ራሱ የኤልኒኖ ድርቅ ዓመት ነበር፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለበት። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከወለሉ በላይ የነበረው ስንቱ ነው? ፎቶው ይህን አይመልስም።

ስለዚህ ሠንጠረዥ ልሠራ ነው። በኤክሴል ብቻ። የልጁ ቢሮ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ሥራው የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፦ የአንድን ቤት የዓመት ፍጆታ ብቻ ሳይሆን ስጋቱንም አብሮ ማስገባት።

ጥቅምት 10

የመጀመሪያው ገጽ ተሠራ። ለመለማመጃ ሁለት ቤት ፈጠርኩ። ብሩ ሁሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት ነው፤ ከ7,184 ጋር እንዲወዳደር በ2008 ዋጋ አድርጌዋለሁ።

አንደኛው ቤት የዘበኛ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደመወዝተኛ ነው። ክረምት ከበጋ 6,900 ብር። ከፍ አይልም፣ ዝቅ አይልም።

ሁለተኛው ቤት የገበሬ ነው። ጥሩ ዓመት 11,000 ብር፣ መካከለኛ ዓመት 8,500፣ መጥፎ ዓመት 4,000። ከአሥር ዓመት አምስቱ ጥሩ፣ ሦስቱ መካከለኛ፣ ሁለቱ መጥፎ ይሁኑ አልኩ። አማካዩ 8,850 ብር ይመጣል።

በተለመደው አቆጣጠር ዘበኛው ደሃ ነው፤ ገበሬው አይደለም። እሺ። ወደ ተጋላጭነት ስንሄድ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ «ይህ ቤት ከወለሉ በታች የመውደቅ ዕድሉ ስንት ነው?» ይላል። ሹብሃም ቻውድሁሪና ባልደረቦቹ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ኢንዶኔዥያ ላይ ያስፋፉት መንገድ ነው። ዕድሉ ከ50 ከመቶ ካለፈ ቤቱ «ተጋላጭ» ይባላል። በዚህ መንገድ ዘበኛው 100 ከመቶ፣ ገበሬው 20 ከመቶ። ገበሬው አሁንም ከዝርዝሩ ውጪ ነው።

20 ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ለአንድ ዓመት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ መጥፎ ዓመት የመግጠሙ ዕድል ስንት ነው ብዬ ሌላ አምድ ጨመርኩ፦ 67 ከመቶ። ከሦስት ቤት ሁለቱ ማለት ነው። ይህ አምድ እንዲቀር ፈለግሁ። ሰው ልጅ የሚያሳድገው በአንድ ዓመት አይደለም።

ቀጥሎ ጥልቀቱን አስገባሁ። ፎስተር፣ ግሪርና ቶርቤክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት መለኪያ ነው፦ ከወለሉ በታች ያለው ሰው ምን ያህል እንደጎደለው ይቆጥራል። ለዘበኛው የጎደለው ከወለሉ 4 ከመቶ ነው። ገበሬው በመጥፎ ዓመት ከወለሉ 44 ከመቶ ይጎድለዋል፤ በዕድሉ ሲባዛ የሚጠበቀው ጉድለት 8.9 ከመቶ ይሆናል። ደረጃው ተገለበጠ። በ«ዕድል» ዘበኛው አምስት እጥፍ ይብስ ነበር፤ በጥልቀት ገበሬው ከእጥፍ በላይ ይብሳል። ሁለቱም ስሌት ልክ ነው። የሚጠይቁት ጥያቄ ነው የተለያየው።

ጥቅምት 13

ዛሬ ዘበኛውን ሥራ አስለቀቅሁት።

ደመወዙን ትቶ ሸቀጥ ይነግዳል እንበል። ከሁለት አንዱ ዓመት 8,000 ያገኛል፣ ሌላው ዓመት 5,800። አማካዩ ያው 6,900 ነው። የተጨመረው ነገር ስጋት ብቻ ነው። አሁን ከወለሉ በታች የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? 50 ከመቶ። በፊት 100 ነበር።

አያችሁ? በ«ዕድል» መለኪያ ሰውየው ተሻለው። እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሰው «ተጋላጭነቱ በግማሽ ቀነሰ» ተብሎ ሪፖርት ሊጻፍለት ነው። ነገሩ በባለሙያዎቹ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ግን በራስ ሠንጠረዥ ላይ ሲያዩት ያበሳጫል። አማካዩ ከወለሉ በታች ላለ ሰው ስጋት መጨመር እንደ ጥቅም ይቆጠርለታል ማለት ነው።

የጉድለቱን ካሬ የሚወስደው መለኪያ ግን አይሸወድም። እዚያ ላይ የዘበኛው ቁጥር ወደ 12 እጥፍ ይዘላል። በጣም የጎደለውን አብዝቶ ስለሚቆጥር ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ዕድል» የሚለው አምድ ሠንጠረዡ ላይ ይኖራል፤ ብቻውን ግን አይታይም።

ጥቅምት 21

5፣ 3፣ 2 የሚለውን ከየት አመጣሁት? ከጭንቅላቴ። ስለዚህ እውነተኛ መረጃ ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ትልልቅ ምንጮች አሉ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር የሠራው። ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ በ15 መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤቶችን እስከ 2009 ድረስ ደጋግሞ ጠየቀ። የትመን፣ ሹምሽሃ፣ ሐረሳው፣ እምድብር፣ ዶማ አሉበት። ሁለተኛው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት ነው። መረጃው በነጻ ይወርዳል። ባለፉት 12 ወራት ምን ጉዳት ደረሰባችሁ፣ እንዴት ተወጣችሁት የሚል ክፍልም አለው።

ከመጀመሪያው ጥናት የወጣ አንድ ውጤት ሁሌም ያስደነግጠኛል። ስቴፋን ዴርኮን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና ያሳተሙት ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ድርቅ ያገኘው ቤት ፍጆታው በ20 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሕመም ያገኘው ደግሞ በ9 ከመቶ ያህል። ልብ በሉ፤ ድርቁ ካለፈ በኋላ የሚለካ ነው። ዝናቡ ተመልሷል፣ ቤቱ ግን አልተመለሰም።

እነዚህ ጥናቶች የቤቱን መዋዠቅ ያሳያሉ። ችግሩ መዋዠቅ ሁሉ ስጋት አለመሆኑ ነው። የፍጆታው ጥያቄ «ባለፉት 7 ቀናት ምን በላችሁ?» ነው። ጠያቂው በሁዳዴ ከመጣና በሌላው ዙር ከፋሲካ በኋላ ከመጣ የአንድ ክርስቲያን ቤት ፍጆታ ሰማይና ምድር ነው። ረመዳንና ዒድም እንደዚያው። ሰርግ የደገሰ ቤት በዚያ ሳምንት ሀብታም ይመስላል። ሰኔ ላይ የተጠየቀ ገበሬና ጥር ላይ የተጠየቀ ገበሬ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ የመርሳትና የመገመት ስህተት አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ «መዋዠቅ» ይባላል። ኮምፒውተሩ ከስጋት አይለየውም።

ወቅቱ ግን ዝም ብሎ የሚጣል ረብሻ አይደለም። ዴርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን የእ.ኤ.አ. 1994 እና 1995 ዙሮችን ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ በየዙሩ ደሃ የሚባለው ቤት ብዙ ይቀያየራል። ሴፍቲኔትም ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ክፍያውን በስድስት ወር ላይ ያደረገው ክፍተቱ ወቅት ስላለው ነው።

የዛሬ ውሳኔ፦ ከጥናቱ መረጃ ላይ የአንድን ቤት ስጋት አላወጣም። ለአገር ይሠራል፤ ለአንድ ቤት አይሠራም። ሰውየውን መጠየቅ ይሻላል።

ኅዳር 3፣ ደቡብ ወሎ

የአክስቴን ልጅ ይዤ አንድ ገበሬ ቤት ሄድን። ይዘን የሄድነው አሥር ፍሬ ባቄላና ሦስት ሳህን ነው። ዘዴው የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሰው ዕድልን በቁጥር እንዲናገር ሲፈለግ በብዙ አገር ይሠራበታል። «ከመቶ ስንት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ዝም ይላል። ባቄላ ሲሰጠው ያከፋፍላል።

አባወራው መጀመሪያ ሳቁ። «ልጄ፣ የአላህን ሥራ በባቄላ ልትቆጥር መጣህ?» አሉኝ። ምን ልበል? የአክስቴ ልጅ ገባበት። «የሚመጣውን አይደለም አባቴ፤ እርስዎ ዘር ሲመርጡ በልብዎ የሚያስቡትን ነው» አላቸው። ይኼ ገባቸው። አሰቡ፣ አነሱ፣ መለሱ። በመጨረሻ ጥሩ ዓመት ላይ አምስት፣ መካከለኛ ላይ ሦስት፣ መጥፎ ላይ ሁለት አስቀመጡ። እኔ ከጭንቅላቴ ካወጣሁት ጋር መገጣጠሙ አስቆኛል፤ ምንም አያረጋግጥም።

ቡና እያፈሉ የነበሩት ባለቤታቸው ሳህኖቹን ሲያዩ ቆዩና «ሁለት ብቻ?» አሉ። ተነሥተው መጡ። አንዱን ፍሬ ከጥሩው አንሥተው መጥፎው ላይ ጣሉት። አራት፣ ሦስት፣ ሦስት ሆነ። ባልየው «የትኛውን ዓመት ነው የጨመርሽው?» አሏቸው። «አንተ ነዶ ትቆጥራለህ፤ እኔ ሐምሌን እቆጥራለሁ» አሉ።

ክርክር አልተጀመረም፤ ቡናው ቀረበ። እኔ ግን ሁለቱንም ጻፍኩ። አባወራው መጥፎ የሚሉት ምርት የጠፋበትን ዓመት ነው። ባለቤታቸው ደግሞ ምርት ኖሮ በነሐሴ ያለቀበትንም ይጨምራሉ። ሕመም የገባበትን፣ በሬ የሞተበትን፣ የጤፍ ዋጋ ሳይሆን የዘይት ዋጋ የጎዳቸውንም።

ኅዳር 6

የሁለቱን ባቄላ ሠንጠረዡ ላይ አስገባሁ። ብሩን እንደ ልምምዱ ቤት 11,000፣ 8,500፣ 4,000 አድርጌ ተውኩት። እውነተኛ ገቢያቸውን አልጠየቅሁም፤ ዕድሉን ብቻ ነው የወሰድኩት።

አሁን ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ኢታን ላይጎንና ላውራ ሼክተር እ.ኤ.አ. በ2003 ቡልጋሪያ ላይ የሠሩበት ሐሳብ ነው፦ ስጋት ራሱ ዋጋ አለው፤ ሰው ስጋቱን ለመገላገል ከአማካዩ ላይ ምን ያህል ይተዋል? የሚቀረውን «የእርግጥ ያህል» ብዬዋለሁ። ከዋዠቀው 8,850 ይልቅ በየዓመቱ ያለ ስጋት ስንት ቢሰጠው ይስማማል ማለት ነው።

ስሌቱ የሚለካው በጥንቃቄ ደረጃ ነው፤ ሰው መጥፎ ዓመትን ምን ያህል እንደሚፈራ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ፍርሃቱ ይበዛል። ደረጃ 2 ለሥራ በጣም ቀላል ነው። 1ን ለእያንዳንዱ ዓመት ብር አካፍሉ፣ በዕድሉ አባዙ፣ ደምሩ፣ እንደገና 1ን ለድምሩ አካፍሉ። በአንድ ሴል ይገባል፦

1/(0.5/11000+0.3/8500+0.2/4000)

መልሱ 7,648 ብር። ከአማካዩ 1,202 ብር ወረደ። ያ ብር የስጋቱ ዋጋ ነው። በደረጃ 1 ቢሰላ 8,316፣ በደረጃ 3 ቢሰላ 6,936 ይመጣል። ደረጃ 3 ላይ ቤቱ ከ7,184 በታች ገባ። አማካዩ 8,850 የሆነ፣ በአብዛኛው ፎቶ «ደሃ አይደለም» የሚባል ቤት።

የሚስትየዋን ባቄላ ሳስገባ ደግሞ አማካዩ 8,150፣ የደረጃ 2 የእርግጥ ያህሉ 6,819። እዚያው ደረጃ ላይ፣ ሳይገፋ፣ ከወለሉ በታች ነው።

ስለዚህ ይህ ቤት ደሃ ነው ወይ? በደረጃ 2፣ በባልየው ባቄላ አይደለም፤ በሚስትየዋ ነው። ወለሉ በሁለቱ መካከል ተጋድሟል። አሜሪካዊው ፍራንክ ናይት እ.ኤ.አ. በ1921 ዕድሉ የሚታወቅ ስጋትንና ዕድሉ ራሱ የማይታወቅ ስጋትን ለያይቶ ነበር። እኛ ጋ ያለው በብዛት ሁለተኛው ነው። የበልግ ዝናብ ከአሥር ዓመት ስንቴ እንደሚቀር የሚነግረን የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱ ደግሞ እየተናጋ ነው።

አማካያቸውን ወስጄ አንድ ቁጥር ማድረግ ይቻል ነበር። አላደረግሁም። ሠንጠረዡ ከዛሬ ጀምሮ «ከ6,819 እስከ 7,648» ብሎ ነው የሚጽፈው። ወለሉ በዚህ መካከል ከወደቀ ሴሉ ቢጫ ይሆናል። በኔ ግምት የቀበሌው ጭቅጭቅ ሁሉ ያለው ቢጫዎቹ ላይ ነው። ቢጫን ወደ አረንጓዴ ወይ ወደ ቀይ መግፋት የሒሳብ ሥራ አይደለም።

ኅዳር 12

በሬ ላይ ዋልኩ።

እስካሁን ያለው ሞዴል በየዓመቱ ባቄላው ከአዲስ ይከፋፈላል ብሎ ያስባል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። በመጥፎ ዓመት 4,000 ብር የተበላው አንድ በሬ ተሸጦ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ሳህኖች ራሳቸው ይቀየራሉ። አንድ በሬ የቀረው ሰው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል። ተራ ይጠብቃል፤ እርሻው ይዘገያል። ጥሩ ዓመቱ 9,000፣ መካከለኛው 7,000፣ መጥፎው 3,000 ይሁን አልኩ።

አማካዩ 7,200 ነው፤ ከወለሉ 16 ብር ብቻ ይበልጣል። መካከለኛው ዓመት ከወለሉ ስር ስለገባ ዕድሉ ከ20 ወደ 50 ከመቶ ዘለለ። የደረጃ 2 የእርግጥ ያህሉ 6,058። አንድ በሬ ነው ይህን ሁሉ የሠራው። ዴርኮን በሌላ ጥናቱ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የተጎዱ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሳይቀር እድገታቸው ወደ ኋላ መጎተቱን አሳይቷል። መንገዱ ይኼው ይመስለኛል፤ የተሸጠው ከብት።

ሠንጠረዡ ላይ «በመጥፎ ዓመት ምን ይሸጣል?» የሚል ጥያቄ ተጨመረ። ዶሮና ፍየል ከሆነ ሳህኖቹ አይነኩም። በሬ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወስዳል።

ኅዳር 19

የአክስቴ ልጅ «ቅሬውስ?» አለ። ወሎ ውስጥ ዕድሩን የሚሸከመው ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል ይደርሳል። ይህ ስጋቱን አይቀንስም ወይ?

ይቀንሳል፤ ግን እንደ ስጋቱ ዓይነት ነው። አሥር ቤት አንድ ላይ ቢረዳዱና የእያንዳንዱ መጥፎ ዓመት ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ ግማሹና ከዚያ በላይ በአንድ ዓመት የሚወድቁበት ዕድል 3 ከመቶ ብቻ ነው። ሕመምና ሞት በብዛት እንዲህ ናቸው፤ ተራ በተራ ይመጣሉ። ድርቅ ግን አሥሩንም በአንድ ቀን ያገኛቸዋል። ያኔ ዕድሉ ያው 20 ከመቶ ነው፤ አዋጪም ተቀባይም አንድ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ከመጥፎው ሳህን ላይ ያሉት ባቄላዎች ሁለት ቀለም ያስፈልጋቸዋል፦ የብቻዬና የሁላችን።

የሚስትየዋ ሦስተኛ ፍሬ የትኛው ነበር? ደውሎ ጠየቀልኝ። የሕመም ነው አሉ።

ኅዳር 25

ኢንሹራንስ። ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2009 በ200 ያህል ቤቶች የተጀመረው የዝናብ መድን አለ፤ ደሃው አረቦኑን በጉልበት ሥራ ይከፍል ነበር። ቦረና ላይ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የግጦሹን አረንጓዴነት ከሳተላይት አይቶ የሚከፍል ተጀምሯል። የኛ ገበሬ እንዲህ ያለ መድን ቢገባ መለኪያዎቹ ምን ይላሉ?

በባልየው ባቄላ ሠራሁት። በየዓመቱ 320 ብር ይከፍላል፤ መጥፎ ዓመት 1,600 ይቀበላል። ሒሳቡ እኩል ነው፤ አማካዩ 8,850 ሆኖ ይቀራል። ሳህኖቹ 10,680፣ 8,180፣ 5,280 ይሆናሉ።

ፎቶው፦ ለውጥ የለም። ዕድሉ፦ ያው 20 ከመቶ፤ 5,280 አሁንም ከወለሉ በታች ነውና። የሚጠበቀው ጉድለት ከ8.9 ወደ 5.3 ከመቶ ወረደ። የደረጃ 2 የእርግጥ ያህል ከ7,648 ወደ 8,239፣ የደረጃ 3 ደግሞ ከ6,936 ወደ 7,896 ወጣ። በ«ዕድል» ብቻ የሚለካ ፕሮጀክት ቢሆን ኖሮ ይህ መድን «ውጤት አላስገኘም» ተብሎ ይዘጋ ነበር።

ግን መድኑ የሚያየው የገበሬውን ማሳ አይደለም፤ ዝናቡን ወይም ሳተላይቱን ነው። መጥፎ ዓመት በሆነ ቁጥር ከሁለት አንዴ ሳይከፍል ቢቀርና በምትኩ በመካከለኛ ዓመት ቢከፍልስ? አማካዩ አሁንም 8,850 ነው። የደረጃ 3 ውጤቱ ግን ወደ 7,182 ይወርዳል፤ ከወለሉ ሁለት ብር ያህል ዝቅ ብሎ። ሁለቷ ብር የቁጥር ቀልድ ናት፤ ማንም በሁለት ብር ደሃ አይሆንም። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። በዚያ መጥፎ ዓመት በእጁ የቀረው 3,680 ነው፤ መድን ባይገባ 4,000 ነበር። ከፍሎ የባሰበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል? እኔ አልመለስም።

ታኅሣሥ 2

አንድ ሠንጠረዡ የማያየው ነገር አለ፤ እዚህ ልጻፈው። መዋዠቁ ትንሽ የሆነ ቤት ሁሉ ደህና አይደለም። አንዳንዱ መዋዠቁን የቀነሰው ማዳበሪያ ባለመውሰድ፣ ዝቅ ያለ ግን የማይከዳ እህል በመዝራት ነው። ዴርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን ይህን ከዚያው የገጠር መረጃ አሳይተዋል፦ ዝናቡ ቢከዳ ቤቱ እንዳይራብ የሚፈራ ገበሬ ማዳበሪያ ይቀንሳል። እዳውን ማን ይከፍልለታል? ለዚህ ዓይነቱ ቤት የስጋቱ ዋጋ በመዋዠቁ ውስጥ የለም፤ በአማካዩ ዝቅ ማለት ውስጥ ተከፍሎ አልቋል። ለጊዜው ያደረግሁት «ዝናብ አስተማማኝ ቢሆን ምን ትዘሩ ነበር?» የሚል ጥያቄ መጨመር ነው። መልሱ ወደ ብር አይቀየርም፤ በጽሑፍ ይቀመጣል።

ታኅሣሥ 9

የአክስቴ ልጅ ሠንጠረዡን አትሞ ኮሚቴው ፊት አቀረበው። «የእርግጥ ያህል» የሚለውን ማንም አላነበበም። አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን የመጥፎው ዓመት ብር ላይ አድርገው «ይኼን አስቀድሙት» አሉ። ሁለተኛ የጠየቁት «ምን ይሸጣል?» የሚለውን ነው። በአምስት ዓመት 67 ከመቶ የሚለው አምድ ጥቂት አከራከረ። ሌላውን አለፉት።

ስለዚህ የሚታተመው ገጽ ተቀየረ። ከላይ በመጥፎ ዓመት የሚቀረው ብር፣ ቀጥሎ የሚሸጠው ነገር፣ ቀጥሎ የአምስት ዓመቱ ዕድል፣ ከዚያ ከ–እስከ የሚለው ባለ ቢጫ ሴል። የጉድለት ካሬና የጥንቃቄ ደረጃ ወደ ጀርባ ሄዱ፤ እኔና ልጁ እናያቸዋለን። የሐምሌና የነሐሴ አምድ ገና አልተሠራም።

ባቄላውን ከበልግ ዘር በፊት በሌላ ጎጥ እንደግመዋለን። በዚህኛው ዙር መጀመሪያ የሚጠየቁት ሚስቶች ናቸው፤ ባልየው ሳህኑን ሳያይ።